ጣሪያውና እንክብካቤው ከአንድ እጅ ሲመጡ፦ የጋራ መኖሪያ እንክብካቤ በሕግ ፊት

አክስቴ መጦሪያ የገቡ ዕለት ውሉ ሲፈረም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሰባት ገጽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሁለት የፊርማ መስመሮች አሉ፤ አንዱ «ነዋሪ»፣ ሌላው «ተወካይ» ይላል። የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በአክስቴ ፊት አሳልፎ ለእኔ ዘረጋልኝ። አክስቴ ሠላሳ ዓመት በጽሕፈት ሥራ የኖሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያስቀና ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ አእምሯቸው አልተነካም። እኔ «ተወካይ» በሚለው ላይ ፈረምኩ። «ነዋሪ» የሚለው መስመር ባዶውን ቀረ። ሠራተኛውም፣ እኔም፣ እሳቸውም ምንም አላልንም።

ያ ባዶ መስመር በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህን የምጽፈውም በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ነው። አንዱ እናቱን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ወንድሙን፣ ሌላዋ ወላጆቹ የሞቱበትን የእህቷን ልጅ። ሁሉም ስለ ምግቡ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ክፍያው ይጠይቃሉ። ቤቱ በሕግ ምን እንደሆነና የገባው ሰው ምን መብት ይዞ እንደገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሰሌዳው አይደለም

እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ስም አለው፤ ማሳደጊያ፣ መጦሪያ፣ ማገገሚያ፣ ጊዜያዊ ማቆያ፣ የቡድን መኖሪያ ቤት ይባላል። ሕግ ግን በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አይቶ አይፈርድም። የሚመለከተው ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ነው። ሰውየው እዚያ ያድራል ወይ? ከማደሪያው ጋር እንክብካቤ ያገኛል ወይ? እንክብካቤውን የሚሰጡት ቤተሰቦቹ ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሰዎች ናቸው ወይ? የሦስቱም መልስ «አዎ» ከሆነ፣ ባለቤቱ «እኛ እዚህ አንድ ቤተሰብ ነን» ብሎ ቢምል እንኳ ቤቱ በሕግ ዓይን የጋራ መኖሪያ እንክብካቤ የሚሰጥበት ቦታ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ትርጉሙን በጣም ሰፊ አድርጎታል፦ ቤተሰብን መሠረት ባላደረገ በማንኛውም የቡድን ሁኔታ የሚሰጥ እንክብካቤ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ለድንገተኛ ችግር የተዘጋጀ መጠለያ፣ በአደጋ ወቅት የሚከፈት መሸጋገሪያ ማዕከል፣ የአጭርም ሆነ የረጅም ጊዜ ማሳደጊያ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ የሚኖሩበት የቡድን ቤትም ሳይቀር ይካተታል። ልጁ ሦስት ሌሊት ቢያድርም አሥር ዓመት ቢኖርም ትርጉሙ ያው ነው።

ለአዋቂዎች ነገሩ የተበታተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ስለ መኖሪያ ምርጫ በጥብቅ ይናገራል እንጂ «ተቋም» ማለት ምን እንደሆነ አይተረጉምም። ስለዚህ ትርጉሙን በየአገሩ ሕግ መፈለግ ግድ ይላል። የእንግሊዝ ሕግ የአዋቂዎች እንክብካቤ ቤት የሚለው ማደሪያ ከነርስ አገልግሎት ወይም ከግል እንክብካቤ ጋር ተጣምሮ የሚሰጥበትን ቦታ ነው። የግል እንክብካቤ ማለት ሰውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መጸዳጃ ቤት ማድረስና ይህን የመሳሰለው ነው። የሕፃናት ቤት የሚለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ለሕፃናት እንክብካቤና ማደሪያ የሚሰጠውን ነው።

«ጋር» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ብዙ መብት ተንጠልጥሏል። ሦስት ጎልማሶች አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ እንበል፤ ሦስቱም ለመልበስና ለመታጠብ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እያንዳንዳቸው ከቤቱ ባለቤት ጋር የኪራይ ውል ካላቸውና እንክብካቤውን የሚሰጠው ሌላ ድርጅት ከሆነ ተከራዮች ናቸው። ሠራተኛው ቢያስከፋቸው ሠራተኛውን ይለውጣሉ፤ ክፍላቸው አይነካም። ማደሪያውም እንክብካቤውም በአንድ ውል፣ ከአንድ ድርጅት የሚመጡ ከሆነ ግን እነዚያው ሦስት ሰዎች፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው አልጋ ላይ የተቋም ነዋሪዎች ይሆናሉ። እንክብካቤው ሲቋረጥ አልጋውም ይሄዳል። እኔ ሰዎች ሲያማክሩኝ ራሳቸውን እንዲጠይቁ የምነግራቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዛሬ እንክብካቤ ሰጪዬን ባሰናብት ማታ የት አድራለሁ?» መልሱ «እዚሁ» ካልሆነ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ሰውየው በሌላ ሰው እጅ ነው ያለው።

ይህ ልዩነት ለማምለጫም ያገለግላል። አንድ ባለቤት በሁለት ድርጅት ስም ሁለት ውል አስፈርሞ «እኛ ቤት አከራዮች ነን፣ ፈቃድ አያስፈልገንም» ሊል ይችላል። ጠንቃቃ ተቆጣጣሪ የሚያየው ነዋሪው በእርግጥ መምረጥ ይችል እንደሆነ ነው። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ «እኛ ድጋፍ እንጂ እንክብካቤ አንሰጥም» የሚሉ ቤቶች ልጆችን ያለ ምዝገባ ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ16 ዓመት በታች ያሉ በመንግሥት አደራ የተያዙ ልጆች እንዲህ ባሉ ቤቶች እንዳይቀመጡ ተከለከለ፤ በ2023 ደግሞ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን የሚያኖሩትም እንዲመዘገቡ ግዴታ ሆነ። በአንዲት ቃል ልዩነት ስንት ልጅ ያለ ጠያቂ እንዳደረ ማሰብ ይከብዳል።

ከትርጉሙ ውጪ የሚቀሩትን በአጭሩ ልጥቀስ። በአደራ ቤተሰብ ቤት፣ ማለትም የሌላ ሰው ልጅ በኃላፊነት ተቀብሎ በሚያሳድግ ቤተሰብ ዘንድ፣ ወይም በዘመድ ቤት የሚኖር ልጅ አማራጭ እንክብካቤ ላይ ነው፤ የቤተሰብ እንጂ የተቋም አይደለም። ጉዲፈቻው በፍርድ ጸድቆ ከአሳዳጊ ወላጆቹ ጋር ያለ ልጅም ልጃቸው ነው፤ ከዚህ ሁሉ ወጥቷል። በወንጀል ተጠርጥሮ ወይም ተፈርዶበት የተያዘ ልጅ የሚዳኘው ነፃነት የተነፈጉ ልጆችን በሚመለከቱ ሌሎች ደንቦች ነው። የእረፍት ጊዜውን አያቱ ቤት የሚያሳልፍ ልጅማ የማንም መዝገብ አያሻውም።

ልጅ ከሆነ

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ አንቀጽ 20 ላይ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ የመንግሥት ልዩ ጥበቃ እንደሚገባው ደነገገ። አማራጮቹንም ጠቀሰ፦ የአደራ ቤተሰብ፣ በእስልምና ሕግ የሚታወቀው ከፋላ (የልጁን የትውልድ ስም ሳይቀይሩ ማሳደግ)፣ ጉዲፈቻ፣ «አስፈላጊ ከሆነም» ተስማሚ ተቋም። ተቋም የመጣው በመጨረሻ ነው፣ ያውም «አስፈላጊ ከሆነ» የሚል ልጓም ተደርጎለት።

ልጓሙን ያጠበቀው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት መመሪያ ነው። ሁለት ጥያቄ በቅደም ተከተል እንዲነሣ ያዛል። የመጀመሪያው ልጁ ከቤተሰቡ መለየት አለበት ወይ የሚል ነው። የለበትም ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የትኛው ማሳደጊያ የተሻለ ነው ተብሎ አይወዳደርም። ድህነት ብቻውን ልጅን ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይችልም መመሪያው በግልጽ ጽፏል፤ ድህነት ቤተሰቡ እንዲረዳ የሚጠራ ምልክት ነው። እናቱ የምታበላው ስላጣች ብቻ ማሳደጊያ የገባ ልጅ ካለ ስህተቱ የሕጉ አይደለም፣ ሕጉን የዘለለው ሰው ነው።

መለየት አለበት ከተባለ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ለዚህ ልጅ የሚስማማው የትኛው ነው? ለአብዛኛው ልጅ መልሱ ቤተሰብ ነው። የጋራ መኖሪያ የሚፈቀደው ለዚያ ለተወሰነ ልጅ በተለይ ተስማሚ፣ አስፈላጊና ገንቢ ሆኖ ሲገኝ ነው። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነማ በጣም ጠባብ ነው፤ ወንድምና እህትን ላለመነጣጠል፣ ወይም ለድንገተኛ ጉዳይ፣ ወይም አስቀድሞ ለተወሰነ በጣም አጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር በቤተሰብ ውስጥ መሆን አለበት። ይህ ጥብቅነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ማግስት ጀምሮ በተካሄደ ጥናት፣ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ጨቅላ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲሄዱ ተደረገ። የሄዱት በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመቆራኘትም የተሻሉ ሆኑ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ሕፃን አንድ ሰው ይፈልጋል፤ በፈረቃ የሚለዋወጡ ደግ እጆች አይተኩለትም።

አንድ ቤት ልጅ ከተቀበለ በኋላ ምን ይከተላል? ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የሠራተኞቹ ቁጥርና ብቃት፣ ደኅንነቱ፣ የጤና ሁኔታው መመዘኛ ያሟላ መሆን አለበት፤ ይህ በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 3 ላይ ያለ ነው። ልጁም በአንቀጽ 25 መሠረት ያለበት ሁኔታ በየጊዜው እንዲመረመርለት መብት አለው፤ መመሪያው ቢቻል በየሦስት ወሩ ይላል። ይህ የምርመራ መብት ከሁሉ በላይ ችላ የሚባል ይመስለኛል። «ጊዜያዊ» ተብሎ የገባ ልጅ መዝገቡን የሚገልጥለት ሰው ካጣ ጊዜያዊነቱ ዓመታት ይበላል። እናት ሥራ ታገኛለች፣ አጎት ከሄደበት ይመለሳል፣ ልጁን ያስገባው ምክንያት ይጠፋል፤ ልጁ ግን እዚያው ነው፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ብቻ። ቤተሰብ ከሆናችሁ የሚቀጥለው ምርመራ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ተቋማት በየቤቱ እየዞሩ ልጅ እንዳይመለምሉ መመሪያው ይጠይቃል፤ ገንዘብ የሚመደብበትም መንገድ ልጅን ያለ አስፈላጊነት ወደ ተቋም የሚስብ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ክፍያው በልጅ ቁጥር ሲሆን ባዶ አልጋ ኪሳራ ይሆናል፣ ልጅ መሙያ ይሆናል። በዚህ ረገድ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያደረገው ለውጥ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ልጅ በጋራ መኖሪያ ሲቀመጥ፣ ቤቱ ተለይተው ከተቀመጡት ዓይነቶች ካልሆነ በቀር፣ ፌዴራል መንግሥቱ ለማደሪያው የሚከፍለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆማል። ሕግ አንዳንዴ ከምክር ይልቅ በካዝና ቁልፍ ይናገራል።

አዋቂ ከሆነ

በልጅ ጉዳይ ሌሎች ይወስናሉ፤ ልጁ ይሰማል፣ አስተያየቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይመዘናል። በአዋቂ ጉዳይ ግን መነሻው ይገለበጣል። አዋቂ ሰው የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጠው ራሱ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 የት እና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት ከሌላው ሰው እኩል እንዳላቸው፣ በተወሰነ የአኗኗር ሁኔታ ውስጥ እንዲኖሩም ሊገደዱ እንደማይገባ ይደነግጋል። ማርጀት፣ መርሳት፣ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ይህን መብት አይወስድም።

ስለዚህ የአክስቴ ባዶ መስመር ተራ የጽሕፈት ግድፈት አልነበረም። እኔ በፍርድ ቤት የተሾምኩ አሳዳሪ አልነበርኩም፤ የውክልና ሥልጣንም አልሰጡኝም። የወንድማቸው ልጅ መሆኔ ብቻ ለእሳቸው ቤት ለመምረጥ ሥልጣን አይሰጠኝም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ውሉን ይዤ ሄድኩና «እትዬ፣ ይህን አንብቢው ያልኩት ዛሬ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ሰባቱንም ገጽ አነበቡ። «ነዋሪው ያለ ኃላፊው ፈቃድ ከግቢ አይወጣም» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «ይህን እኔ አልፈርምም» አሉ። ሐረጉ ተሰርዞ ነው የፈረሙት።

ያ ሐረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በቡልጋሪያ ላይ የፈረደበት ትልቅ ጉዳይ የተመሠረተው እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት አንድ ሰው በከፊል ችሎታ አጥቷል ተብሎ አሳዳሪ ተሾመለት፤ አሳዳሪዋ የመንግሥት ሠራተኛ ስትሆን ሰውየውን ሳታማክረው ራቅ ባለ ተራራማ ስፍራ ካለ የአዋቂዎች መኖሪያ ጋር ውል ተፈራረመች። በሩ በሰንሰለት አልታሰረም። ነገር ግን ለመውጣት የዳይሬክተሩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ የመታወቂያ ወረቀቱም ገንዘቡም በአስተዳደሩ እጅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ነፃነትን መንፈግ ነው፣ ሕጋዊ መሠረትም የለውም አለ። አኗኗሩም አዋራጅ እንደሆነ ወሰነ። በፍርዱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ከአእምሮዬ የማይጠፋው የልብሱ ነገር ነው፤ የነዋሪዎቹ ልብስ በጋራ ታጥቦ ሲመለስ ለባለቤቱ አይመለስም፣ ለደረሰው ይታደላል። ዛሬ የለበስከው ሸሚዝ ነገ በሌላ ሰው ገላ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባድ የአእምሮ ውስንነት ስላለባቸው ሦስት ሰዎች ሲፈርድ ሁለት ጥያቄ አነሣ፦ ሰውየው ያለማቋረጥ ክትትልና ቁጥጥር ሥር ነው ወይ? ለመሄድስ ነፃ ነው ወይ? የሦስቱም ቤት የተመቸ ነበር፤ አንዷ እንዲያውም የምትኖረው በአደራ እናት ቤት ነበር። ዳኛዋ ሌዲ ሄል ግን የወፍ ማጎሪያ በወርቅ ቢለበጥም ማጎሪያ መሆኑ አይቀርም አለች። ፍርዱ እነዚያ ቤቶች መጥፎ ናቸው አላለም። የሰውን ነፃነት የሚገድብ ሁኔታ ለበጎም ቢሆን በገለልተኛ አካል እየታየ በሕግ መፈቀድ አለበት አለ። ደግነት የፍርድ ቤትን ዓይን አይተካም።

ትንሽ ቤት ተቋም ነው ወይ?

እዚህ ላይ የሕግ ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም። የ2009ኙ መመሪያ ትልልቅ ማሳደጊያዎች ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ይጠይቃል እንጂ ቤተሰብ የሚመስል አነስተኛ የቡድን ቤትን ይቀበላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማብራሪያ ከመቶ በላይ ሰው የያዘም፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሰው የሚኖርበትም፣ የአንድ ሰው ቤትም ሳይቀር ተቋም ሊሆን ይችላል አለ። መለኪያው ቁጥር አይደለም። ረዳትህን ከሌሎች ጋር የግድ ትጋራለህ ወይ? ከማን ጋር እንደምትኖር መረጥክ ወይ? የምትነሣበትንና የምትተኛበትን ሰዓት የሚወስነው ማነው? ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነገር እንዲያደርግ ይታዘዛል ወይ? ለልጆች ደግሞ ኮሚቴው የበለጠ ጠነከረ፤ «ቤተሰብ መሰል» ተቋም ተቋም ነው፣ ቤተሰብን አይተካም አለ።

መመሪያውም የኮሚቴው ማብራሪያም እንደ ስምምነቱ አንቀጾች በራሳቸው አስገዳጅ አይደሉም፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቶችና ሕግ አውጪዎች ይጠቅሷቸዋል። እኔ በአዋቂዎች ጉዳይ ኮሚቴው ልክ ነው እላለሁ። ስድስት ሰው የሚኖርበት ቆንጆ ቤት ገብቼ ሁሉም በአንድ ሰዓት መብራት ሲጠፋባቸው አይቻለሁ፤ አንዱ የ50 ዓመት ሰው ሬዲዮ ማዳመጥ ፈልጎ ነበር። በልጆች ጉዳይ ግን ትንሽ አመነታለሁ። ከሁለት ሦስት አደራ ቤተሰብ ተመልሶ ሌላ ቤተሰብ መሞከር የማይፈልግ የ16 ዓመት ልጅ አለ፤ ጥሩ የተያዘ ትንሽ ቤት ለእሱ መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ፍላጎቱ ከተሰማ፣ ምርመራው በወቅቱ ከተደረገ።

ያው ቤት በሌሎች ሕጎች ሌላ መልክ አለው። በከተማ ፕላን ሕግ ጥያቄው «መኖሪያ ነው ወይስ ድርጅት?» የሚል ነው፤ ጎረቤት የሚነሣውም በዚህ በኩል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲት የቴክሳስ ከተማ የአእምሮ ውስንነት ላለባቸው 13 ሰዎች ከታሰበ የቡድን ቤት ልዩ ፈቃድ መጠየቋን ውድቅ አድርጓል፤ የጎረቤት ፍርሃትና ጥላቻ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ብሎ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በማኅበረሰብ ውስጥ መኖር የሚችልን፣ መኖርም የሚፈልግን አካል ጉዳተኛ ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ማግለል አድልዎ ነው ሲል ፈረደ።

አሥራ ስምንት

በማሳደጊያ የሚኖር ልጅ 18 ዓመት የሚሞላበትን ሌሊት አስቡ። አልጋው አልተለወጠም፤ ከአልጋው በላይ የለጠፈው ሥዕልም። ማታ ሲተኛ በኮንቬንሽኑ ትርጉም ሕፃን ነበር፤ ሲነሣ አይደለም። ትናንት ወደዚያ ያስገባው የሌሎች ውሳኔ ነበር፤ ዛሬ እዚያ የሚያቆየው የራሱ ፈቃድ ካልሆነ ሌላ ሕጋዊ መሠረት መፈለግ አለበት። የብዙ አገር ቤቶች ፈቃድ ደግሞ ለሕፃናት ብቻ ስለሆነ ሻንጣውን ይዞ እንዲወጣ ይነገረዋል። መመሪያው ይህ ቀን ድንገት እንዳይመጣ፣ ዝግጅቱ ገና በእንክብካቤ ላይ ሳለ እንዲጀመር፣ ከወጣም በኋላ የሚከታተለው ሰው እንዲመደብለት ይጠይቃል። የአእምሮ ውስንነት ያለበት ከሆነ ሌላ አደጋ አለ፤ ከልጆች ቤት ወደ አዋቂዎች ቤት መኪና ተልኮ ይወሰዳል፣ በመዝገቡ ላይ «ተዛወረ» ተብሎ ይጻፋል። በዚያን ቀን አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በሥዕልም ቢሆን፣ «የት መኖር ትፈልጋለህ? ከማን ጋር?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እስኪሰጥ መጠበቅ አለበት። እስክሪብቶውንም ለእሱ ነው መዘርጋት።